የአራሶቹ ፔጆና ጥቁሩ መስተዋት

ደገፋ ወዬሳ ቱሉ የካቲት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ነጭ ፔጆውን አጥቦና ወልውሎ በናዝሬት የተሽከርካሪ መመርመሪያ ግቢ ከተሰለፉት መኪኖች ኋላ አቆመ። ፍሬኑን አስጠብቆ፣ የመብራቱን አምፖል ቀይሮ፣ ጎማውን አስፈትሾ ስለ መጣ ልቡ ሙሉ ነበር። የዓመቱን ቦሎ ተቀብሎ የፊት መስተዋቱ ጥግ ላይ ከመለጠፍ በቀር የቀረው ነገር ያለ አልመሰለውም።

መርማሪው አቶ ሐዲስ ገብረወልድ ይባላሉ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ በናዝሬት ሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ፍሬኑን ፈተኑ፤ ደኅና ነው። መብራቱን አስበሩ፤ ደኅና ነው። ከዚያም ከመኪናው ጎን ራቅ ብለው ቆሙና፣

«ግባና ከኋላ ተቀመጥ» አሉት።

ደገፋ ገብቶ ተቀመጠ፤ በሩንም ዘጋ።

«ገባህ?»

«ገብቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ድምፅህን እሰማለሁ፤ አንተን ግን አላይህም። ሰው ነህ ወይስ ጆንያ?»

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሣቁ። አንደኛው፣ «የመቂ ሽንኩርት ነው፣ ጋሼ! አስወርደው ያስመዝኑት!» ሲል ሣቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ።

አቶ ሐዲስ አልሣቁም። ደገፋ እስኪወጣ ጠብቀው ቀስ ብለው አስረዱት። አዲስ መመሪያ መጥቷል። የፊት መስተዋቱና በሾፌሩ ግራና ቀኝ ያለው የመስኮት መስተዋት ከቦሎው በቀር ምንም ነገር ሊቀባበት ወይም ሊለጠፍበት አይገባም፤ የኋለኞቹም ቢሆኑ ውጭ የቆመ ሰው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ፊት ለይቶ እንዲያውቅ የሚያስችል ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው።

«የአንተዎቹ የኋላ መስተዋቶች እንኳን ፊት፣ ቁመትም አያስለዩም። አስፍቀህ ና። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ቦሎ ስትነዳ ከተገኘህ ታርጋህ ይፈታል።»

«ጋሼ፣ ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። እኔ የማመላልሰው አራሶችን ነው።»

«አምንሃለሁ። መመሪያው ግን ለምን እንዳጠቆርኸው አይጠይቅም፤ ለማየት መቻሌንና አለመቻሌን ነው የሚጠይቀው።»

«ፀሐይቱንስ ምን ላድርጋት?»

«ፀሐይ በእኔ ሥልጣን ሥር አይደለችም» አሉና ወደሚቀጥለው መኪና ዞሩ።

ደገፋ ያለ ቦሎ ወጣ። ማርሹን በኃይል እየለወጠ ነዳ። ንዴቱ ከመመሪያው ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የጀመረ ነገር ነበረው።

ደገፋ በመቂ አካባቢ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ በጭነት መኪና ረዳትነት ሥራ ጀምሮ፣ መንጃ ፈቃድ እስከማውጣት የደረሰ ትጉህ ሰው ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሚስቱ ሎሚ በናዝሬት ሆስፒታል የመጀመሪያ ልጃቸውን አያንቱን በተገላገለች ጊዜ፣ እርሱ ሽንኩርት የሚጭን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሌላ መጓጓዣ ስላላገኘ አራሲቱን ጋቢና አስቀምጦ በመጋቢት ቀትር ወደ መቂ ወሰዳት። መንገዱን ሁሉ ፀሐይዋ በሎሚ በኩል ባለው መስኮት ገብታ ፊቷን ስትጠብሳት አየ፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ እንዳይበላሽ ስለ ቸኮለ ጥላ ፈልጎ አልቆመም። ሎሚ ቤቷ እንደ ገባች ትኩሳት ያዛት። ከአልጋ ሳትወርድ ክረምቱ አለፈ።

የሰፈሩ ባልቴቶች ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም። አራስ በቀትር ፀሐይ ከወጣች ምች ይመታታል፤ ለዚህ ነው አጥብቀው ተሸፋፍነው፣ ብረት ይዘው፣ በጥላ ጥላ የሚሄዱት። የሆስፒታሉ ሰዎች የበሽታው ምክንያት ሌላ ነው አሉ፤ መድኃኒቱንም የሰጧት እነርሱ ናቸው። ደገፋ ግን ባልቴቶቹን አመነ። ሚስቱ ድና እንጀራ መጋገር፣ ገበያ መውጣት ስትጀምር እንኳ እርሱ ከዚያች መስኮት አልወጣም ነበር።

ስለዚህ ከአንድ ጡረተኛ ላይ አሮጌውን ፔጆ እንደ ገዛ፣ ሞተሩን ከማሳየቱ በፊት በቀጥታ የወሰደው ወደ ቀለም ቀቢው ወደ ራህመቶ ነበር። ራህመቶም የኋላዎቹን መስተዋቶች ከውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ ደራርቦ ጥቁር ቀለም ነፋባቸው። ቀለሙ ከውስጥ ላለ ሰው ውጭውን እንደ አመሻሽ አድርጎ ያሳያል፤ ከውጭ ለቆመ ሰው ግን ምንም አያሳይም።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ በናዝሬት ሴቶች ዘንድ ስም አወጣች። «የአራሶቹን ፔጆ ጥሩልኝ» ሲባል ተራ አስከባሪው ሌላ አይጠይቅም። ደገፋ አራስ ከጫነ ጥሩምባ አይነፋም፤ ጉድጓድ ሲያይ ከሰው እግር ይልቅ ቀስ ይላል። አንዲት አማት፣ «ልጄ፣ እንዲህ ከሆነማ በእግራችን ብንሄድ ቀድመን እንደርስ ነበር» ብላው ታውቃለች። የመኪናዋ የኋላ ወንበር ሁልጊዜ የገንፎ ቅቤ ይሸታል።

አሁን ደግሞ ሎሚ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። የምትገላገለው በሚያዝያ፣ በሙቀቱ ወር ነው። ቤታቸውን ወደ ናዝሬት ቢያዛውሩም ከሆስፒታሉ እስከ ሰፈራቸው ያለው መንገድ ጥላ የለበትም። መስተዋቱን ካስፋቀ ሎሚ እንደገና ፀሐይ ላይ ልትወጣ ነው፤ ካላስፋቀ መኪናዋ ከነጭራሹ ልትቆም ነው። ደገፋ ከመመርመሪያው ግቢ ሲወጣ በልቡ የነበረው ይህ ነበር።

ራህመቶ ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሣቀ።

«ለዚህ ነው ፊትህን እንዲህ ያከሰልኸው? እሑድ እፍቅልሃለሁ፣ ሰኞ ቦሎህን ትወስዳለህ፣ ማክሰኞ መልሼ እቀባልሃለሁ! ስንቱን እንዲህ አድርጌ እንዳሳለፍሁ ብነግርህ ትደነግጣለህ።»

«ቢያዙኝስ?»

«ማን ይይዝሃል? አራስ ጭነሃል። አራስ የጫነ መኪና በር የሚከፍት ፖሊስ እናቱ አልወለደችውም ማለት ነው።»

ደገፋ ትንሽ አመነታና ተስማማ። ሕግን የሚጥስ ሳይሆን ለጥቂት ጊዜ ገለል የሚልለት መሰለው። ብዙ ሰው ለራሱ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታሉ ተጠራ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የተባሉ የናዝሬት ሴት ልጃቸውን መሰለችን ከነሕፃኑ ወደ ባሏ ቤት፣ በመቂ መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ዓለም ጤና ከተማ፣ ሊወስዱ ነበር። መውጫዋ ለዓርብ ተቀጥሮ ሳለ አልጋ በመጣበቡ በዋዜማው ተሰናበተች፤ ለባሏ ወገኖች የሚነግር ሰው አልተገኘም። ደገፋ እስከዚያ ቀን በአብዛኛው የሠራው በናዝሬት ውስጥና ሰው ሁሉ በሚያውቀው በመቂ ነበር። በዓለም ጤና አልፎ ያውቃል እንጂ ወደ ሰፈሩ ገብቶ አያውቅም።

ሞጆን አልፈው፣ ቆቃን ተሻግረው፣ ዓለም ጤና ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ አራሲቱ ተሸፋፍና፣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ በጥቁሩ መስተዋት ውስጥ የባሏን አገር ታያለች።

«እነዚያ የጎረቤቶቻችን ግራሮች ናቸው፣ እማዬ። ከሥራቸው ሽንኩርት የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው። አሁን እልልታው ሲቀልጥ ትሰሚያለሽ!» አለች።

ፔጆዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ሰፈሩ መንገድ ታጠፈች። ሴቶቹ ቀና አሉ። መጀመሪያ አንዷ ተነሣች፤ ቀጥሎ ሁሉም ተነሡ። እልል አላሉም። የለቀሙትን ሽንኩርት እንዳለ ትተው፣ ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ ወደየቤታቸው ገቡ። በሮች ተራ በተራ ተዘጉ።

«ምን ሆነዋል? ሰው ሞቶባቸው ይሆን?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ደገፋ የተባለው ቤት ደጅ ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ። በዚያው ቅጽበት ከቤቱ ጀርባ አንድ ጎልማሳ አጥሩን ዘሎ፣ በመስኖ የለማውን የቲማቲም ማሳ እየረገጠ ሲሮጥ አየ።

መሰለች ከኋላ ጮኸች፤ «ጉደታ! እማዬ፣ ባሌ ነው እኮ! ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?»

ደገፋ ከመኪናው ወረደ። ከቤቱ አንዲት አሮጊት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ የጉደታ እናት አዴ አበባ ነበሩ። ሁለት እጆቻቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«የለም» አሉ፤ «ልጄ የለም። አንዱን ወስዳችኋል፤ ሁለተኛው እዚህ የለም።»

«አዴ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ከናዝሬት ነው የመጣሁት።»

«እነዚያም ከናዝሬት ነው የመጣነው ብለው ነበር። ውስጥ ስንት ናችሁ?»

አሮጊቲቱ ደገፋን አያዩም፤ ዐይናቸው ከእርሱ ትከሻ አልፎ ጥቁሩ መስተዋት ላይ ተተክሏል። ደገፋም ዞሮ አየ። መስተዋቱ ላይ የሚታየው ሰማዩ፣ ግራሩና እኒያው እጃቸውን ያነሡ አሮጊት ብቻ ነበሩ። መሰለች የበሩ መክፈቻ በድንጋጤ ጠፍቷት ከውስጥ መስተዋቱን ትደበድባለች፤ «እኔ ነኝ! እማማ፣ እኔ ነኝ!» ትላለች። ለእርሷ የአማቷ ፊት እያንዳንዱ ሽብሽብ ሳይቀር ይታያታል፤ ለአማቷ ግን የሚሰማቸው ከጨለማ ውስጥ የሚመጣ ድብደባ ብቻ ነበር።

ደገፋ ሮጦ በሩን ከፈተ። አዴ አበባ ምራታቸውን፣ ከምራታቸውም እቅፍ የሕፃኑን ራስ ባዩ ጊዜ እጃቸውን አውርደው ደጁ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሣቅም ለቅሶም ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጉደታ በስንት ጩኸት ተጠርቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

አንዷ ጎረቤት፣ «ልጁ ሲመጣ አባቱ ይሸሻል? አዬ ጉድ! የማሳውን ቲማቲም ድልህ አደረግኸው እኮ!» አለችው።

«አንቺስ በር ቀርቅረሽ አልጋ ሥር አልነበርሽም?» አላት ጉደታ፤ ሕፃኑን ለመቀበል እጁን በሱሪው ይጠርጋል።

እልልታው በመጨረሻ ተሰማ፤ ሆኖም በወቅቱ ያልመጣ እልልታ ስለ ነበር ቀጭንና የተሸማቀቀ ነበር።

ደገፋ ሊሰናበት ሲል አዴ አበባ ወደ መኪናዋ ቀረቡ። ታላቁ ልጃቸው መርዳሳ በ1970 ዓ.ም. ከዚሁ ደጅ ተወስዶ እንደ ቀረ ነገሩት። የወሰዱት ሰዎች መኪና መስተዋቱ ጥቁር ነበር።

«ሲወስዱት ተከትዬ ወጣሁ» አሉ። «እጄን ላውለበልብለት ፈለግሁ። ግን በየትኛው መስኮት በኩል እንዳለ አላወቅሁም። በየትኛው በኩል እንደሚያየኝ አላወቅሁም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ ደገፋ ዞሩ።

«አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ምራቴን ከፀሐይ ጠብቀህ አምጥተሃል፤ እግዜር ይስጥህ። ግን መኪናህን እስቲ ከዚህ ከእኛ በኩል ቆመህ አይተሃት ታውቃለህ?»

አላያትም ነበር። ስለዚያ መስተዋት ሲያስብ ሁልጊዜ የሚያስበው ውስጥ ስለ ተቀመጠችው ሴት ነበር። ውጭ ስለሚቆመው ሰው ያሰበው መመሪያው ብቻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ መመሪያውን ሊያታልል ለእሑድ ቀጠሮ ይዟል።

ናዝሬት ሲመለስ እሑድን አልጠበቀም፤ ወደ ራህመቶም አልሄደም። ፔጆዋን ደጁ ላይ አቁሞ፣ ቲነርና ምላጭ ይዞ የኋላውን ወንበር ገባበት። ሎሚ ከቤት ወጥታ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ ሲፍቅ ቆማ አየችው።

«የአያንቱ አባት፣ ቦሎ ለማውጣት ነው?»

«ለቦሎው ብቻ አይደለም።» የዓለም ጤናውን ነገር ሁሉ ነገራት። «ግን ሚያዝያ መጣ፣ ሎሚ። አንቺን በምን ላመጣሽ ነው? እንደዚያን ጊዜው ፀሐይ ላይ…» አለና መፋቁን ቀጠለ።

ሎሚ በተከፈተው በር ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ የታመምሁት በፀሐይ ይሁን በሌላ የሚያውቀው እግዜር ነው። አንድ ቀን ወቅሼህ አውቃለሁ? አንተ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ፀሐይን እንደ ባላጋራ ታሳድዳታለህ።»

«ታዲያ ዝም ልበላት?»

«ዝም በላት አላልሁህም። ፀሐይ እኮ በአራቱም መስኮት አትገባም፤ አንድ ወገን ይዛ ነው የምትመጣው። በዚያ በኩል ብቻ አቡጀዲ ብንሰቅልባት ምን ይላታል? ስንፈልግ እንጋርዳለን፣ ስንፈልግ እንከፍታለን። ቀለም ግን እንዲህ አይደረግም!»

ደገፋ ምላጩን አስቀምጦ አያት። በፍርሃት የተሠራ ነገር ምን ጊዜም መጠን ያጣል፤ እርሱም አንድ መስኮት መጋረድ ሲበቃው መኪናዋን ሁሉ አሳውሯት ኖሯል።

ሎሚ አቡጀዲውን ቀደደች፤ ጫፉን ቀምቅማ ቀለበት ሰፋችበት። ደገፋ በግራና በቀኝ የኋላ መስኮቶች ላይ ቀጭን ሽቦ ወጠረ። ጨርቁ በሽቦው ላይ ወዲህና ወዲያ የሚሄድ፣ ከአንደኛው መስኮት ወደ ሌላው የሚዛወር ሆነ።

ራህመቶ በማግሥቱ ሲያየው፣ «አባ ሕጋዊ! እኔን ከሥራ አስወጥተህ ሚስትህን ቀጠርህ?» ብሎ ቀለደበት። ደገፋ ሣቀ፤ ልቡ ግን አላረፈም ነበር። መጋረጃውም እንደ ቀለሙ ተከልክሎ ቢሆንስ?

ወሩ ሳያልቅ ወደ መመርመሪያው ግቢ ተመለሰ። አቶ ሐዲስ ከሩቅ ጨርቁን አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ቀለሙ ሄዶ መጋረጃው መጣ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ። ውጭ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ሾፌሮቹ ለማየት ቀረብ አሉ። አቶ ሐዲስ በሩን ከፍተው ገብተው ተቀመጡ።

«ታየኛለህ?»

«በሚገባ አይዎታለሁ። ክራቫትዎ ወደ ግራ ዞሯል።»

ግቢው በሣቅ ተሞላ። አቶ ሐዲስ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፤ ፈገግታም የመሰለ ነገር በፊታቸው አለፈ። ከዚያ ጨርቁን ሳብ አደረጉት።

«አሁንስ?»

«አሁን አላይዎትም።»

«እህ! ታዲያ ምን ለወጥህ?»

ደገፋ መኪናዋን ዞሮ በወዲያኛው መስኮት በኩል ቆመ። «በዚህ በኩል ግን አይዎታለሁ። ጨርቁ የሚሰቀለው ፀሐይ ባለችበት ወገን ብቻ ነው።»

«ኬላ ላይ ስትደርስስ?»

«እከፍታለሁ።»

«ሰው ሰፈር ስትገባስ?»

«ሰፈሩ ሳይታይ እከፍታለሁ፣ ጋሼ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።» ይህን ያለበት ድምፅ ከሌላው የተለየ ስለ ነበር አቶ ሐዲስ ምክንያቱን ጠየቁት። ደገፋም የአዴ አበባን ነገር ባጭሩ ነገራቸው።

 ሽማግሌው መርማሪ ከመኪናው ወርደው መስተዋቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ፤ የቀለም ርዝራዥ አላገኙባቸውም።

«መመሪያው የሚናገረው መስተዋት ላይ ስለሚቀባና ስለሚለጠፍ ነገር ነው። ይህ ጨርቅ ከመስተዋቱ ጋር አልተጣበቀም። አራስ ለጫንህበት ጊዜ ብቻ ፈቅጄልሃለሁ። ለጌጥ ዘርግተኸው ያየሁ ዕለት ግን እኔው ራሴ እቀደዋለሁ።»

ቦሎውን በገዛ እጃቸው ለጠፉለት።

ሎሚ በሚያዝያ አጋማሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሆስፒታሉ የወጣችው ረፋዱ ላይ ነበር። ደገፋ ፀሐይዋ የምትመጣበትን ወገን አይቶ ጨርቁን በግራ በኩል ሰቀለ፤ ሎሚን በጥላው አስቀመጣት። መንገዱን ሁሉ በፊቱ በተሰቀለችው የኋላ ማሳያ መስተዋት ስትንቀሳቀስ ያያታል።

«ሞቀሽ?»

«ደኅና ነኝ። መንገዱን እይ።»

ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «ፀሐይዋ ደርሳብሻለች?» አላት።

«የአያንቱ አባት፣ ካሁን በኋላ ከጠየቅኸኝ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው!»

ወደ ሰፈራቸው መታጠፊያ ሲደርሱ ደገፋ መኪናዋን አቆመ፤ ወርዶም ጨርቁን ሰበሰበው። ቀሪውን መንገድ ሎሚ በንጹሑ መስተዋት ውስጥ ለሁሉም እየታየች ገባች፤ ፀሐይም ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ነካት። ደገፋ ያን ሳምንት በየማለዳው ግንባሯን በእጁ መዳፍ ይለካ ነበር። ትኩሳት አልነበራትም።

ደገፋ ወዬሳ ከዚያ በኋላ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከናዝሬት ወደ መቂ፣ ወደ ዓለም ጤናና ወደ አርሲ ነገሌ አራሶችን ባልጠቆረ መስተዋት አመላለሰ፤ አብረውት በተራው የሚሠሩት የፔጆ ሾፌሮችም ቀለሙን ፍቀው በጨርቅ እንዲተኩ አደረገ።